ጎል አግቢ አይወለድም

«ጎል አግቢ ይወለዳል እንጂ አይሠራም።» ይህን አባባል በሬዲዮ የስፖርት ፕሮግራም፣ በዲኤስቲቪ ቤት ወይም ከጨዋታ በኋላ በሚሰጥ የአሠልጣኝ መግለጫ ላይ ያልሰማ ኳስ ወዳድ ይኖራል ብዬ አላምንም። የሚሞግተው ስለሌለ እውነት ሆኖ ተቀምጧል። ስለ ተከላካይ ስናወራ «አሠልጣኙ አሻሻለው» እንላለን። ስለ አማካይ ስናወራ «ጨዋታው ገባው» እንላለን። አጥቂው ላይ ስንደርስ ግን ሥራና ትምህርት ከወሬያችን ይወጣሉ፤ «ተፈጥሮው ነው»፣ «ኳስ ራሷ ትፈልገዋለች»፣ «ግብ አነፍናፊ ነው» እንልና እንዘጋዋለን። እኔ ይህ አባባል ስሕተት ነው እላለሁ። ስሕተት ሆኖ ብቻ ቢቀር ዝም ባልኩ ነበር፤ ግን በየሜዳው ልጆችን እያስቀረ ያለ ስሕተት ነው።

ለዚህ እምነት ሁልጊዜ ቀድሞ የሚጠራው ምስክር ጀርመናዊው ጌርድ ሙለር ነውና ከእሱ ልጀምር። ለምዕራብ ጀርመን 62 ጊዜ ተሰልፎ 68 ጎል፣ በቡንደስሊጋ በ427 ጨዋታ 365 ጎል ያገባ ሰው ነው። ቁመቱ አጭር፣ ጭኑ ወፍራም፣ ለዓይን የማይሞላ ተጫዋች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ባየርን ሙኒክ ሲገባ አሠልጣኙ ዝላትኮ ቻይኮቭስኪ «አጭሩ ወፍራሙ ሙለር» እያለ ይጠራው ነበር። ፈጣን አይባልም፣ ድሪብሉም አያስደምምም። «ታዲያ ይህ ሰው ተፈጥሮ ካልሆነ ምንድን ነው?» ይላሉ።

መልሱን በ1974ቱ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ያገባት ጎል ውስጥ ማየት ይቻላል። ሙኒክ ላይ፣ ከሆላንድ ጋር፣ 1 ለ 1 እያሉ፣ 43ኛው ደቂቃ ነው። ራይነር ቦንሆፍ በቀኝ መስመር አሪ ሃንን አልፎ ኳሱን ወደ ውስጥ ይልካል። ሙለር ወደ ጎሉ ሲሮጥ የሆላንድ ተከላካዮችም አብረውት ይሮጣሉ። ከዚያ እሱ ይቆማል፤ እነሱ በሩጫቸው ይቀጥላሉ። ኳሷ ግን ትንሽ ወደ ኋላው ትመጣለች፤ በመጀመሪያ ንክኪው ደግሞ ጭራሽ ከጎሉ ትርቃለች። እዚህ ላይ ብዙ አጥቂ ተስፋ ይቆርጣል። ሙለር ወደ ኳሷ ተመልሶ፣ በዚያች አጭር ወገቡ ታጥፎ፣ በቀኝ እግሩ መሬት ለመሬት ይመታታል። ምቷ ጠንካራ አይደለችም። በረኛው ያን ዮንግብሉድ ግን ከቆመበት ሳይነቃነቅ መረቡ ውስጥ ገብታለች። ምዕራብ ጀርመን ዋንጫውን ያነሣችው በዚህች ጎል ነው።

በዚህች ጎል ውስጥ የትኛው ነው ከእናት ማኅፀን ይዞት የመጣው? የሩጫው መጀመር? ሌላው ሲሮጥ መቆሙ? ያመለጠችን ኳስ መልሶ የሚያዞርበት የእግር አቀማመጥ? እያንዳንዱ ሺህ ጊዜ የተደጋገመ ነገር ነው። ሰውነት አንድን ነገር ሺህ ጊዜ ከደጋገመ በኋላ ሳያስብ ይሠራዋል፤ ከውጭ ለሚያይ ሰው ያ አለማሰቡ ተፈጥሮ ይመስለዋል። እንጀራ የምትጋግር እናት እጇ በምጣዱ ላይ ሲዞር ስታይ «እጇ ራሱ ያውቃል» ትላለህ፤ ግን ስትወለድ ሊጥ አላፈሰሰችም።

ይህ እምነት እንዲህ ሥር የሰደደው ለምን እንደሆነ ሳስብ ጥፋቱን በአብዛኛው በካሜራው ላይ አደርጋለሁ። ጨዋታ የምናየው በቴሌቪዥን ነው፤ ካሜራው የሚከተለው ደግሞ ኳሱን ነው። አጥቂው ምስሉ ውስጥ የሚገባው ኳሱ እሱ ዘንድ ሲደርስ ብቻ ነው። ስለዚህ ኳሷ ፈልጋ ያገኘችው ይመስላል። ከዚያች ቅጽበት በፊት አራት ጊዜ ወደ ቅርቡ ቋሚ ሮጦ ኳስ ሳይላክለት ተመልሷል፤ ሁለት ጊዜ ከተከላካዩ ጀርባ ተደብቆ ቆሟል፤ አንድ ጊዜ ሆን ብሎ ወደ ኋላ ወጥቶ ለጓደኛው ቦታ ለቋል። ይህን አላየንም። ስታዲየም ገብታችሁ ኳሱን ትታችሁ ዓይናችሁን አንድ አጥቂ ላይ ብቻ ብታደርጉ፣ ሥራው በአብዛኛው ውጤት የሌለው ሩጫ መሆኑን ታያላችሁ። የጥሩ አጥቂና የመካከለኛ አጥቂ ልዩነት ያለው እዚያ ነው፤ መካከለኛው ሦስት ጊዜ ሮጦ ኳስ ካልመጣለት አራተኛውን ይተወዋል።

ቁጥሩም ይህንኑ ነው የሚናገረው። በትላልቆቹ ሊጎች ወደ ጎል ከሚመቱ አሥር ኳሶች ጎል የሚሆነው አንድ ገደማ ነው። ከ16 ከ50 ውጪ ከሚመታው ደግሞ ከመቶ ሦስት ወይም አራት ቢሆን ነው። ሪጎሬ ከአራት ሦስቱ ይገባል። የመቺው ስም ከመነሣቱ በፊት ከየት ተመታ የሚለው ጥያቄ አብዛኛውን ነገር ወስኖታል ማለት ነው። ዛሬ ክለቦች የሚጠቀሙበት «የሚጠበቅ ጎል» የሚባለው ስሌት ሲሠራ፣ እንደ ሊዮኔል ሜሲና ሃሪ ኬን ያሉ ጥቂቶች በአብዛኛው ዓመት ከሚጠበቀው በላይ ሲያገቡ ይታያል። ከእነሱ ውጭ ያለው ትልቅ ስም ያለው አጥቂ ሁሉ ማለት ይቻላል ከሚጠበቀው ብዙም አይርቅም። ከሌላው የሚበልጠው በአመታቱ ሳይሆን በሚያገኘው ዕድል ብዛት ነው፤ ዕድል ደግሞ በቦታ አያያዝና በቡድን ሥራ የሚገኝ ነገር ነው።

ፊሊፖ ኢንዛጊን የማያነሣ የአጥቂ ወሬ የለም። ሰር አሌክስ ፈርጉሰን «ይህ ልጅ የተወለደው ከጨዋታ ውጪ ሆኖ ነው» ማለታቸው ይነገራል፤ ሰውም አባባሉን ወስዶ ለተፈጥሮ ማስረጃ አደረገው። ነገሩን በደንብ ካየነው ተቃራኒውን ነው የሚያሳየን። ኢንዛጊ በተከላካይ መስመር ላይ ይቆምና ይሮጣል፤ ባንዲራ ይነሣበታል። ተመልሶ ይሮጣል፤ ይነሣበታል። ተመልካቹ ይስቃል፣ ተከላካዩ ይናደዳል፣ እሱ ግን ስምንተኛውን ሩጫ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2007 አቴንስ ላይ ሚላን ከሊቨርፑል ጋር ባደረገው የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ፣ በ82ኛው ደቂቃ፣ ካካ ኳስ ሲይዝ ኢንዛጊ ሩጫውን ለአንዲት ቅጽበት ያዘ። ኳሷ ስትለቀቅ እሱም ተለቀቀ፤ በዚህ ጊዜ ባንዲራ አልተነሣም። ፔፔ ሬይናን በጎን አልፎ ከጠባብ ማዕዘን አስገባት። በዚያች ምሽት የሚላን ሁለት ጎሎች የሁለቱም ባለቤት እሱ ነበር፤ ጨዋታው 2 ለ 1 አለቀ። የመጀመሪያዋ የፒርሎ ቅጣት ምት ሰውነቱ ላይ ተነጥራ የገባች ነች፤ ሰው «ዕድለኛ» አለው። የመቺው ኳስ የሚነጥርበት ቦታ ላይ የቆመው ግን እሱ እንጂ ሌላ አልነበረም፤ ለዚያውም በሙሉ የእግር ኳስ ዘመኑ እዚያ ሲቆም ነው የኖረው። በስሕተቱ የማያፍር ሰው ነበር ኢንዛጊ። ይህ ጠባይ ነው፤ ጠባይ ደግሞ ይገነባል፣ አሠልጣኝም ሊያፈርሰው ይችላል።

ተፈጥሮ ነው የሚሉትን አንድ ነገር ልጠይቃቸው። የተወለዱበት ነገር ከሆነ የት ይሄዳል? ፈርናንዶ ቶሬስ ለሊቨርፑል በ102 የሊግ ጨዋታ 65 ጎል አገባ። እ.ኤ.አ. በጥር 2011 በ50 ሚሊዮን ፓውንድ ቼልሲ ሄደ፤ እዚያ በ110 የሊግ ጨዋታ 20 ጎል ብቻ። ዕድሜው ገና 26 ነበር። ጉልበቱ መጎዳቱን አውቃለሁ፣ ፍጥነቱም ቀንሷል። ከፍጥነቱ የበለጠ ያጣው ግን ከጀርባው የነበረውን ስቲቨን ጄራርድን ነው፤ ቶሬስ ሩጫውን ሲጀምር ኳሷ ከጄራርድ እግር ወጥታ ነበር። ቼልሲ ውስጥ ኳስ ይዞ እስኪደራጅ የሚጠብቅ ቡድን ነው ያገኘው፤ ቦታው ሁሉ ተዘግቶ። አንድሪ ሼቭቼንኮም እንዲሁ ነው፤ ለሚላን 175 ጎል አግብቶ የዓመቱ የአውሮፓ ኮከብ የተባለ ሰው በቼልሲ በ48 የሊግ ጨዋታ 9 ጎል ብቻ አገባ። «ግብ ማነፍነፉ» በአውሮፕላን ጉዞ ጠፋ ልንል ነው? ጎል የአንድ ሰው ንብረት አይደለም። ጎል አግቢ የምንለው ሰው በአንድ ቡድን፣ በአንድ የኳስ አቀባበል፣ በአንድ ልማድ ውስጥ ነው ጎል አግቢ የሆነው።

አግቢ ሆነው ያልተወለዱት ደግሞ ብዙ ናቸው። ቲዬሪ ሆንሪ በ1999 ከዩቬንቱስ አርሰናል ሲመጣ የመስመር ተጫዋች ነበር። አርሰን ቬንገር መሐል አጥቂ አደረገው፤ በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ጎል አጣ፣ ጋዜጣውም ተመልካቹም ተጠራጠረ። በዚያን ጊዜ «ተፈጥሮው አይደለም» ተብሎ ወደ መስመር ቢመለስ ኖሮ ማንም አይፈርድም ነበር። 228 ጎል አግብቶ የክለቡን ክብረ ወሰን ያዘ። ክርስቲያኖ ሮናልዶ ማንቸስተር ዩናይትድ በገባበት ዓመት በሁሉም ውድድር 6 ጎል ነው ያገባው፤ እግሩን የሚያጥፍ፣ ተመልካች የሚያስጮህ የክንፍ ልጅ። እ.ኤ.አ. በ2007-08 የውድድር ዘመን መጀመሪያ ላይ ከፖርትስማውዝ ጋር ሲጫወት ቀይ ካርድ አይቶ ሦስት ጨዋታ ሲቀጣ፣ ከክለቡ አሠልጣኞች አንዱ ረነ ሞይለንስቴን በዚያ ጊዜ ለብቻው ይዞት በጎል አጨራረስ ላይ ሠራ። የጎሉን አካባቢ በክልል ከፋፍለው፣ ከየትኛው ክልል በየትኛው አመታት፣ ወደ የትኛው ጥግ የሚለውን አንድ በአንድ ሄዱበት። ሮናልዶ ያን የውድድር ዘመን በ42 ጎል ጨረሰ። ዛሬ «ለጎል የተፈጠረ» ሲባል እሰማለሁ። ያ ሰው ለጎል የተፈጠረ ሳይሆን ጎል የተማረ ነው፤ ውለታውን ለተፈጥሮ መስጠት ላቡን መዝረፍ ነው።

አንድ ሌላ ምስል አለ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2013 ሌስተር ሲቲ ዋትፎርድ ላይ የእንግሊዝ ሁለተኛ ዲቪዚዮን የማለፊያ ጨዋታ ሲያደርግ፣ በተቀያሪዎች ወንበር ላይ ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው ፎቶ ተነሥተዋል። አንዱ ጄሚ ቫርዲ ነው፤ በ16 ዓመቱ «ትንሽ ነህ» ተብሎ ከሼፊልድ ዌንስደይ የተሰናበተ፣ ፋብሪካ እየሠራ በታችኛው ሊግ የተጫወተ። ሌላው ሃሪ ኬን ነው፤ በልጅነቱ አርሰናል የሸኘው፣ ከቶተንሃም በውሰት ከክለብ ክለብ የሚዞር። የዚያን ቀን ሁለቱም ለመጀመሪያ አሰላለፍ አልበቁም። ቫርዲ በ2015 በተከታታይ 11 የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎች ጎል በማግባት ታሪክ ሠራ፤ በ33 ዓመቱ የሊጉ ኮከብ ጎል አግቢ ሆነ። ኬን የቶተንሃምም የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድንም የምንጊዜም ከፍተኛ ጎል አግቢ ነው። ተፈጥሮ በግልጽ የምትታይ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል አሠልጣኝና መልማይ ባለበት አገር እንዴት ሳትታይ ቀረች?

በሌላው ወገን ያለው ጠንካራ መከራከሪያ ይህ ነው፦ «አንዳንድ ልጅ በስምንት ዓመቱ ሰፈር ውስጥ ሲጫወት ከሌሎቹ ይለያል፤ አይተናል።» እኔም አይቻለሁ። ፍጥነት በአብዛኛው ከቤተሰብ የሚወረስ ነው። ይህን አልክድም። ግን ሙለር አጭር ነበር፣ ኬን ረጅም ነው፤ ሆንሪ ነፋስ ነበር፣ ኢንዛጊ በሩጫ ውድድር ማንንም አያሸንፍም። ጎል አግቢዎችን ሁሉ የሚያገናኝ አንድ የተፈጥሮ ሰውነት ካለ አሳዩኝ። የስምንት ዓመቱ ልጅ ነገርም ቢሆን ጠጋ ብለን ብናየው ይገለጣል፤ ያ ልጅ ታላቅ ወንድሞች አሉት፣ ቀኑን ሙሉ ከትልልቆች ጋር ይጫወታል፣ ከጓደኞቹ በፊት ሁለት ሺህ ጊዜ መትቷል። «የልብ ቅዝቃዜ» የሚሉትም ነገር ከዚህ አይለይም። በጨዋታ አንድ ዕድል ብቻ የሚያገኝ አጥቂ ያችን አንዲት ዕድል እንደ መጨረሻ እስትንፋሱ ያያታል፤ እግሩ ይከብዳል። አምስት የሚያገኘው ያመለጠችውን ረስቶ ወደ ቀጣይዋ ይሄዳል። ልቡ የቀዘቀዘው ዕድሉ ስለሚበዛ ነው።

ወደ ቤታችን ልምጣ፤ ይህን ሁሉ የምጽፈውም ለዚህ ነው። በ2013 ዓ.ም. አቡበከር ናስር ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አግብቶ የጌታነህ ከበደን የ25 ጎል ክብረ ወሰን ሰበረ። ሚዲያው ምን አለ? «የተፈጥሮ ጎል አግቢ።» ያ ቡና ግን የአሠልጣኝ ካሳዬ አራጌ ቡና ነበር፤ ከበረኛው ጀምሮ በአጭር ቅብብል ተጋጣሚን እየጎተተ አውጥቶ ከጀርባው ቦታ የሚፈጥር ቡድን። ሌሎቹ ክለቦች ኳሱን ከርቀት አሻግረው ለሁለት ተከላካዮች መሐል ለቆመ አጥቂ ሲወረውሩ፣ አቡበከር ፊቱን ወደ ጎል አዙሮ ኳስ ይቀበል ነበር። የልጁን ችሎታ ማሳነሴ አይደለም፤ አቡበከር ድንቅ ተጫዋች ነው። ግን ያን ዓመት ስንተርክ የቡድኑን አጨዋወት አውጥተን «ተፈጥሮ» የሚለውን ስናስገባ፣ ሌላው ክለብ ሊማርበት የሚችለውን ትምህርት ጣልነው።

ብሔራዊ ቡድናችን በተሸነፈ ቁጥር «ጨራሽ አጣን» ይባላል። ክለቦቻችን ከናይጄሪያና ከጋና አጥቂ ያስመጣሉ፤ በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር ሻምፒዮን ሲሆን ኮከብ ጎል አግቢው ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ ነበር። ለመጡት ክብር አለኝ፤ በላባቸው ነው ያገቡት። ጥያቄዬ ለእኛ ነው። አንድ የልጆች ፕሮጀክት ሜዳ ሄዳችሁ የጎል ልምምድ ተመልከቱ። ልጆቹ ከ16 ከ50 መስመር ላይ በሰልፍ ይቆማሉ። አሠልጣኙ ኳስ ያንከባልላል፤ የመጀመሪያው ልጅ ሮጦ ይመታል፤ ኳሱ ከሜዳ ውጭ ይወጣል፤ ልጁ ኳሱን ሊያመጣ ይሮጣል፤ ተመልሶ ከሰልፉ ጫፍ ይቆማል። ተከላካይ የለም። ከመስመር የሚሻገር ኳስ የለም። ጀርባውን ለጎል ሰጥቶ የሚቀበለው ኳስ የለም። በአንድ ልምምድ ጥቂት ጊዜ፣ ያውም በጨዋታ ፈጽሞ በማያገኘው ሁኔታ፣ የተመቻቸለትን ኳስ ይመታል። ከዚህ በኋላ እሑድ ጨዋታ ላይ ሲስት «ይሄ ልጅ አጥቂ አይደለም» ተብሎ ወደ ኋላ ይወሰዳል። በ12 ዓመቱ ጎል የሚያገባው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከእኩዮቹ ቀድሞ ያደገው ልጅ ነው፤ እግሩ ጠንከር ያለ፣ ትከሻው የሰፋ። ሌሎቹ በቁመት ሲደርሱበት የሚያደርገው ይጠፋዋል፣ ቦታ አያያዝ ማንም አላስተማረውማ። ሁለቱንም ልጆች አጣናቸው።

ይወለዳል የሚለው አባባል ለአሠልጣኝ ምቹ ነው። ካልሠራኸው አትጠየቅበትም፤ «አልተገኘም» ብለህ ታልፋለህ። ለጋዜጠኛም ምቹ ነው፤ የሃያ ደቂቃ ሩጫ ከመተንተን አንድ ቅጽል ይቀላል። የማይመቸው ለልጁ ብቻ ነው። ከተሰጠኝ አለኝ፣ ካልተሰጠኝ የለኝም ብሎ የሚያምን ልጅ ለምን ከልምምድ በኋላ ቀርቶ ሃምሳ ኳስ ይመታል?

በየሰፈሩ፣ በየፕሮጀክቱ፣ በየአካዳሚው ልጆች የምታሠለጥኑ ወንድሞችና እኅቶች፣ በደመወዝ ማነስና በሜዳ እጦት መካከል እንደምትሠሩ አውቃለሁ። የምለምናችሁ ነገር ገንዘብ አይፈልግም። ያን ሰልፍ አፍርሱት። አጥቂው ላይ አንድ ተከላካይ አቁሙ፤ ኳሱ ከመስመር ይምጣ፣ አንዳንዴ ከኋላው፣ አንዳንዴ ጉልበቱ ላይ ይምጣበት። ሮጦ ኳስ ያልደረሰለትን ልጅ ስለሩጫው አመስግኑት። የሳተውን ደግሞ «ተፈጥሮህ አይደለም» አትበሉት፤ የት መቆም እንደነበረበት አሳዩትና ኳሱን መልሳችሁ ስጡት።